ደብረ ብርሃን፤ የቅዳሜው የወጣቶች ውይይትና የሰኞው በር

የወንድሜ ልጅ 16 ዓመቷ ነው። ከመንዝ መጥታ እዚህ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ሆና 10ኛ ክፍል ትማራለች። የወር አበባዋ ሲመጣ ሆዷን ይዛ ነው የምትተኛው፤ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ከትምህርት ትቀራለች። "ሐኪም ቤት እንሂድ" ስላት "ይተወኛል እትዬ" እያለች ብዙ ወር አለፈ። በኋላ ስሰማ ለካ ለብቻዋ ሁለት ጊዜ ሄዳ ከበር ተመልሳለች። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ደግሞ ብዙ ቦታ እንዲሁ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ደጉን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ግቢ ባለው አዳራሽ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና የአቻ ለአቻ ውይይት አለ። የሚመሩት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፣ ሥልጠና የወሰዱ። ከአስተባባሪዋ አስፈቅጄ አንድ ቅዳሜ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በር ላይ በወረቀት የተጠቀለለ የጫማ ካርቶን አለ፤ ልጆቹ ጥያቄያቸውን ስም ሳይጽፉ እዚያ ውስጥ ይጥላሉ። ከአስተማሪዎቹ ልጆች አንዷ አንዱን አወጣች። ከደብተር የተገነጠለ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነው። "አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አይረገዝም ይባላል፣ እውነት ነው?" ይላል። ከኋላ ሳቅ ተነሳ። እሷ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችምም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ወረቀቱን ይዛ ጠበቀች። ከዚያ "አንድ ጊዜም ቢሆን ይረገዛል፤ የወንድ ዘር ሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ የወር አበባዋ ገና መስመር ያልያዘላት ልጅ ቀን ቆጥሬ ነው ብትል አያስተማምናትም" አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ በ16 ዓመቴ ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ኮንዶም አሳየች። የሕይወት ትረስት ፓኬት አንስታ መጀመሪያ ቀኑን አነበበች፣ በጣቷ ጫን ብላ አየር መኖሩን አሳየች፣ በጥርስ እንዳይቀደድ ነገረቻቸው፣ ከእንጨት በተሠራ ሞዴል ላይ እንዴት እንደሚጠለቅ አሳየቻቸው። ፊቷ ላይ ምንም እፍረት የለም። ልጆቹም ትንሽ ቆይተው ማፈሩን ተዉት።

አብሯት ያለው ወንድ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረኝ። "የሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌ መካን ያደርጋል ወይ?" የሚል ወረቀት ደረሰው። "ይሄን በትክክል አላውቀውም፣ ሲስተርን ጠይቄ እመጣለሁ" አለ። እኔ የዚያን ጊዜ ነው ያመንኳቸው። የማያውቀውን እየፈጠረ የሚያወራ ልጅ ቢሆን ኖሮ ልጄን አልክም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሱን ይዞ መጣ፣ የወንድሜ ልጅ ናት የነገረችኝ፤ መካን አያደርግም፣ ግን መርፌውን ካቆሙ በኋላ ለማርገዝ ጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል። ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ ደግሞ እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ያገለግላል፣ በፈለጉ ጊዜም ይወጣል። ሁለቱም ግን ኤችአይቪን አይከላከሉም፤ ለእሱ ኮንዶሙ ያስፈልጋል።

ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ለሚማሩት ልጆች ይሄ ነገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ልነግራችሁ አልችልም። ስንቃቸውን ከቤት ያመጣሉ፣ አንድ ክፍል ለሦስት ይከራያሉ፣ ማታ የሚጠይቃቸው ሰው የለም። አንዲት ልጅ ብትደፈር የት እንደምትሄድ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒትና የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እንደምታገኝ፣ ቶሎ በሄደች ቁጥርም እንደሚሻል እዚያ አዳራሽ ውስጥ በግልጽ ይነገራል። ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች በሕግ እንደማይፈቀድም ይነገራል፣ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ነው የወጣው። ይህን ለልጁ ቤት ውስጥ የሚነግር ስንት ወላጅ አለ?

አሁን ወደ በሩ ልምጣ።

አስተማሪዎቹ ሁልጊዜ "ጥያቄ ያላችሁ ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው የወጣቶች ክፍል ሂዱ፣ ምስጢራችሁ የተጠበቀ ነው" ይላሉ። እውነታቸውን ነው የሚሉት። ግን ቅዳሜ ክፍሉ ይቆለፋል! ውይይቱ ያለ ቀን፣ ልጁ ልቡ የተነሳሳበት ቀን፣ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሰኞ ይመጣ ቢባል ትምህርት አለ። ከትምህርት ወጥቶ ቢሮጥም ክፍሉ ሊዘጋ ሲል ነው የሚደርሰው።

ሲደርስ ደግሞ የበሩ ነገር። "የወጣቶች ክፍል" የሚል ትልቅ ጽሑፍ ያለበት በር ልክ እናቶች ሕፃናት ለማስከተብ ከሚቀመጡበት አግዳሚ ፊት ለፊት ነው። ሃያ ሴት እያየሽ ነው የምትገቢው፣ ከሃያዋ አንዷ ደግሞ ጎረቤት ናት። የኔ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ያንን አይታ ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን ካርድ ክፍል ድረስ ደፈረች፤ እዚያ ያለው ሰው ሰልፉ እየሰማ "ምን ሆነሽ ነው? ባለትዳር ነሽ?" አላት። የወር አበባ ሕመም ልታሳይ የመጣች ልጅ! ዝም ብላ ወጣች። በሰፈር አፍ ያላገባች ልጅ እዚያ ክፍል ከገባች ወይ አርግዛለች ወይ በሽታ አለባት ነው፣ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ልጆቹ ያውቁታል።

በሦስተኛው ጊዜ እኔ ይዣት ሄድኩ። ውስጥ ያለችው ነርስ ግሩም ሰው ናት። ሰላም ካለችን በኋላ "እህቴ፣ አንዴ ውጪ ጠብቂን" አለችኝ። መጀመሪያ ከፋኝ። አክስቷ እኮ ነኝ። ውጪ ተቀምጬ ሳስበው ግን ልክ ናት፤ ልጅ አሳዳጊዋ አጠገቧ ቆማ ሁሉንም አትናገርም። ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ። ማስታገሻውን ሕመሙ ሳይበረታ ገና ሲጀምር፣ ምግብ በልታ እንድትወስድ፣ ሙቅ ነገር ሆዷ ላይ እንድታደርግ፣ ካልተሻላት ወይ ደሙ ከበዛ እንድትመለስ ነገረቻት። የማሕፀን በር ካንሰር ክትባቱን 14 ዓመቷ ላይ ትምህርት ቤት መውሰዷንም ጠየቀቻት። ባለፈው ወር ከትምህርት የቀረችው ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

ከ5 ስጪ ብትሉኝ ለልጆቹና ለነርሷ ሙሉ 5 እሰጣለሁ። ለክፍሉ አቀማመጥና ሰዓት 1፣ ለካርድ ክፍሉ ምንም። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር እንኳን አይደለም፤ በጓሮ በኩል ሌላ በር አለ፣ ዕቃ ተደርድሮበት ነው። ዕቃው ይነሳ፣ ጽሑፉ ይውረድ፣ ቅዳሜ ለሦስት ሰዓት ብቻ ይከፈት፣ በምትኩ ሌላ ቀን ግማሽ ቀን ይዝጉት። ለኃላፊው ይህንኑ በጽሑፍ ሰጥቻለሁ።

ወንዶቹም ይምጡ እባካችሁ፣ ያን ቀን የቆጠርኳቸው ስድስት ብቻ ናቸው። ውይይቱ ቅዳሜ 4 ሰዓት ይጀምራል፣ በነፃ ነው፣ ምዝገባ የለውም። አዳራሹ ቆርቆሮ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በጣም ይበርዳል፣ ሹራብ አልብሳችሁ ላኳቸው።