ልብ ውስጥ የገባችን ቱቦ መፈለግ፦ በራጅ ወይስ በማግኔት?

ቱሉ ዲምቱ ቡና ላይ ነን። የጎረቤቴ የእትዬ ልብ ምት ድንገት ይፈጥናል። ሐኪሙ ከብሽሽት በደም ሥር ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ አስገብቶ ምቱን የሚያዛባውን ነጥብ እንደሚያቃጥል ነግሯቸዋል። «ልጄ፣ ውስጥ ገብታ የት እንዳለች በምን ያውቃሉ?» አሉኝ።

የቆየው መንገድ ራጅ ነው። ቱቦዋ ስትንቀሳቀስ በስክሪን ትታያለች፤ ልዩ ቱቦ አያስፈልግም። ግን የሚታየው ጥላ ነው። ከፊት ትሁን ከኋላ ለመለየት ማሽኑን ማዞር ግድ ይላል። ጨረሩም አለ። ሐኪሞቹ ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ለብሰው ለረጅም ሰዓት ይቆማሉ፤ ወገባቸው ያሳዝነኛል።

ማግኔቱ ሌላ ነው። ከአልጋው ሥር ያሉ የሽቦ ጥቅልሎች ደካማ የማግኔት መስክ ይፈጥራሉ። በቱቦዋ ጫፍ ያለች ትንሽ ዳሳሽ የእያንዳንዱን መስክ ጥንካሬ ትለካለች። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጫፏ የት እንዳለችና ወዴት እንደዞረች ያሰላል። በሙከራ ስህተቱ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው። የነካችው ቦታ ሁሉ ነጥብ በነጥብ ይመዘገባል። ከኤሌክትሪክ ምቱ ጋር ሲቀናጅ ባለቀለም የልብ ካርታ ይወጣል። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ሐኪሙ ያቃጠለውን ነጥብ ተመልሶ ያገኘዋል። ራጅ ብቻውን ይህን አይሰጥም።

ዳሳሽ ያላት ቱቦ ግን ውድ ናት። በአቅራቢያ ያለ ብረትም መስኩን ያዛባል። ምቱ የተወሳሰበ ከሆነ እኔ ማግኔቱን እመርጣለሁ፤ ለቀላሉ ራጅ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ።

«ማግኔቱ ያማል እንዴ?» አሉኝ እትዬ።

«ኧረ አይሰማዎትም» አልኳቸው።