ለቮልስ 1600 ሞተር የትኛው ሮከር አርም፣ የትኛው ፑሽሮድ?

የቮልስ ሞተር ሙሉ ዕድሳት ሲደረግለት የባለቤቱ ገንዘብ በአብዛኛው በፒስተን፣ በሲሊንደርና በብሮንዚና ያልቃል። ሮከር አርም (ቫልቩን ገፍቶ የሚከፍተው ማንሻ) እና ፑሽሮድ (ግፊቱን ወደ ሮከር አርሙ የሚያደርሰው ዘንግ) የሚታሰቡት ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ከታሰረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በእጅ ያለው ዕቃ ይገጠማል። የሞተሩ ድምፅና የቫልቮቹ ዕድሜ በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ብዙ ስለሚመሠረት ይህ ልማድ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ለአንድ ባለ 1584 ሲሲ ሞተር ዕቃ ስመርጥ በአንድ ወገን የጀርመኑን ኦሪጅናል ሮከር አርም ከአሉሚኒየም ፑሽሮድ ጋር፣ በሌላ ወገን ምጣኔው 1.25 የሆነ አዲስ ሮከር አርም ከክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ከተቀላቀለበት ጠንካራ ብረት) ፑሽሮድ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ መረመርኩ። ለከተማ መንዳትና ለመደበኛ የክፍለ ሀገር ጉዞ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱን ልዘርዝር።

ፋብሪካው ለ1600 ሞተር የሰጠው የሮከር አርም ምጣኔ 1.1 ነው። ካሙ (በካምሻፍቱ ላይ ያለው ጉብታ) ፑሽሮዱን 8 ሚሊ ሜትር ቢገፋ ቫልቩ 8.8 ሚሊ ሜትር ይከፈታል ማለት ነው። በ1.25 ሮከር አርም ይኸው ግፊት 10 ሚሊ ሜትር፣ በ1.4 ደግሞ 11.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ካምሻፍት ለመቀየር ሞተሩን አውርዶ ሞኖብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) ለሁለት መክፈል ሲያስፈልግ፣ ሮከር አርም ግን የቫልቭ ክዳኑን አንሥቶ የሚቀየር በመሆኑ፣ ብዙ ሰው በዚህ አጭር መንገድ ጉልበት ለመጨመር ይመኛል። አዲስ አበባ ላይ ምኞቱ ይበልጥ ይገባኛል፤ ከተማዋ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ወለል አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ከ50 የፈረስ ጉልበት የማያልፈው ሞተርም የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ጉድለቱ በግልጽ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ሞተሩ የሚተነፍሰው በአንድ ሶሌክስ ካርቡሬተርና በቀጭኑ ማኒፎልድ ከሆነ አየሩ የሚታነቀው እዚያ ነው፤ ቫልቩን በሰፊው መክፈት የሚጨምረው ጥቂት ነው። በአንጻሩ በምጣኔው ለውጥ ብቻ የቫልቩ ሞላ በካሙና በታፔቱ (በካሙና በፑሽሮዱ መካከል ባለው ገፊ) ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከ13 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ ሞላው ጠለቅ ብሎ ሲታመቅ ደግሞ ጫናው ከዚህም ያልፋል። ያረጀ ካም ይህን ለረጅም ጊዜ አይችለውም።

የፑሽሮዱ ጉዳይ ከዚህም ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቮልስ ሞተር ሲሊንደሮቹ በአግድም የተኙ ስለሆኑ ፑሽሮዶቹ በሲሊንደሮቹ ሥር በቱቦ ውስጥ ያልፋሉ። ውስጣቸው ክፍት በመሆኑም ዘይት ከታፔቱ ተነሥቶ በእነሱ በኩል ወደ ሮከር አርሙ ይደርሳል። ፋብሪካው የሠራቸው ከአሉሚኒየም ቱቦ ሲሆን ጫፍና ጫፋቸው ላይ የብረት ቆብ ተጠምዶባቸዋል። አሉሚኒየም የተመረጠው ለቀላልነቱ ብቻ አይደለም። ወደ 28 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ የአሉሚኒየም ዘንግ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የብረቱ ግን የሚረዝመው የዚያን ግማሽ ብቻ ነው። የማግኒዚየሙ ሞኖብሎክና የአሉሚኒየሙ ቴስታታ ሲሞቁ አብረው ስለሚለጠጡ፣ የአሉሚኒየሙ ፑሽሮድ እርምጃቸውን ተከትሎ የቫልቩን ክፍተት (በሮከር አርሙና በቫልቩ ጫፍ መካከል ያለውን ቀጭን ርቀት) ብዙም ሳይለውጥ ይጠብቃል። የክሮሞሊው ፑሽሮድ ወደ ኋላ ስለሚቀር ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል።

በዚህ ምክንያት ክሮሞሊ የተገጠመለት ሞተር ክፍተቱ የሚስተካከለው በቀዝቃዛው ወደ ዜሮ ተጠግቶ ነው፤ ፑሽሮዱ በጣት ሲሽከረከር ያለችግር ይዞራል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ጨዋታ የለውም። የአሉሚኒየሙ መለኪያ ደግሞ በጥገና መጽሐፉ እንደተጻፈው በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። በአገራችን ቮልስ ከጋራዥ ወደ ጋራዥ፣ ከባለቤት ወደ ባለቤት ይዞራል። ቀጣዩ መካኒክ ክዳኑን ሲከፍት የሚያውቀውን 0.15 መስጠቱ አይቀርም፤ ቢሰጥም ሊወቀስ አይገባም። ሞተሩ ግን ሲሞቅ መንኳኳት ይጀምራል፣ የሮከር አርሙ ምት በቫልቩ ጫፍ ላይ ይበረታል፣ ባለቤቱም ሌላ በሽታ ሲፈልግ ይከርማል። ክሮሞሊ ጥንካሬው የማይካድ ቢሆንም በየቫልቩ ነጠላ ሞላ ላለው፣ በመደበኛ ፍጥነት ለሚዞር ሞተር ያ ጥንካሬ አያስፈልግም። ድርብ ሞላ የተገጠመለት ሞተር ከሆነ የአሉሚኒየሙ ዘንግ ሊጎብጥ ስለሚችል፣ ያኔ ክሮሞሊው ተገቢ ነው።

የጀርመኑን ሮከር አርም አዲስ ማግኘት ስለሚያስቸግር ሶማሌ ተራ ሄዶ ከወላለቀ ሞተር መምረጥ የግድ ይሆናል። በዚህ ረገድ መቸኮል አይገባም። ሮከር አርሙን ከሚወዛወዝበት ዘንግ ላይ አውጥቼ ዘንጉን በጨርቅ ካጸዳሁ በኋላ ጥፍሬን በርዝመቱ አስኬድበታለሁ፤ ጥፍር የሚይዘው እርከን ካለ ያንን ዘንግ እተወዋለሁ። ቀጥሎ የማስተካከያ ብሎኑን ጫፍ አያለሁ፤ ቫልቩን የሚገፋው ፊት ጎድጉዶ ከሆነ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) ጉድጓዱን ሳይለካ ያልፋልና ክፍተቱ ትክክል መስሎ ሰፊ ይሆናል። ብሎኑ ሊቀየር ስለሚችል ሮከር አርሙን ለዚህ ብሎ መጣል አያስፈልግም። ፑሽሮዶቹን በመስታወት ላይ አንከባልላለሁ፤ የጎበጠው እየዘለለ ሲሄድ ወዲያው ይለያል።

በአንጻሩ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሻጭ ያቀረበልኝ ባለ 1.25 ሮከር አርም ሲያዩት ያምራል፤ ነገር ግን ዘንጉ ላይ በብሎንና በሮንዴላ ሲጠብቅ የጎን ጨዋታ አልነበረውም፤ አንዳንዱ በእጅ እንኳ ተንቀሳቅሶ አይመለስም ነበር። ሳይስተካከል ቢገጠም ዘይት ሳያገኝ ይነክሳል። በብሎን የሚታሰር ዘንግ ሞተሩ ከመጠን በላይ በሚዞርበት ውድድር ሮከር አርሙ እንዳይወጣ ይጠቅማል፤ ለመንገድ ግን የፋብሪካው የሞላ ቀለበት በቂ ነው።

ሲገጠም የሮከር ዘንጉ ደጋፊዎች ስንጥቅ ወደ ላይ፣ ሰያፍ የተቆረጠው ጠርዛቸው ወደ ውጭ መዞር አለበት። ዳዶዎቹ በ25 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። የሦስተኛውን ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ በተለይ መከታተል ይገባል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን በሚጋርድባቸው አሮጌ ሞተሮች ይህ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይሞቃል፣ ክፍተቱ ጠብቦ ቫልቩ የሚቃጠለውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ሲሊንደሩን ወደ 90.5 ሚሊ ሜትር አሳድጎ፣ ሞተሩን 1776 ሲሲ አድርጎ፣ ሁለት ካርቡሬተር የሚገጥም ሰው ግን ምክሬ ለእርሱ አይሆንም። እርሱ 1.25 ሮከር አርምና ክሮሞሊ ፑሽሮድ ይግዛ፤ ፑሽሮዱን ግን ርዝመቱ ሳይቆረጥ ይዘዘው። ከዚያ ርዝመቱ የሚስተካከል የመለኪያ ፑሽሮድ ገጥሞ፣ ቫልቩ በግማሽ ሲከፈት የማስተካከያው ብሎን ከቫልቩ ዘንግ ጋር በአንድ መስመር እስኪውል ድረስ ይለካ፤ ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲታመቅ ጥምዞቹ እንደማይነካኩና ፑሽሮዱ የቱቦውን ግድግዳ እንደማይፍቅ ይመርምር። ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ማስቆረጥ ያለበት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።