አንከር አዘዝኳት፣ ወተት ገዛችልኝ፦ በብሎኬት ግድግዳ ላይ የሞከርኳቸው ሦስት ፊሸሮች

ለእህቴ «ስትመጪ አንከር ይዘሽልኝ ነይ» ብዬ ቴክስት አደረግኩላት። ማታ አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ይዛ ከች አለች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የፈለግኩት ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዘውን አንከር ነው፣ ቲቪ ልሰቅል መሆኑን ግን አልነገርኳትም። የወንድሜ ልጅ ደግሞ ወሬውን ሰምቶ የስልክ ቻርጀር መስሎታል። እውነትም የቻርጀሩ ስም በጀርመንኛ መልህቅ ማለት ነው። የወተቱም መልህቅ ነው፤ በ1886 ኒውዚላንድ ውስጥ ቅቤ ሆኖ ሲጀምር ስሙን ያገኘው አንድ ሠራተኛ ክንዱ ላይ ከነበረው ንቅሳት ነው ይባላል። ባሕር የለንም፣ መልህቅ የሚለውን ቃል ከስብከት ውጪ ብዙም አንሰማውም፣ አንከሩ ግን ቤቱን ሞልቶታል።

ወተቱን ጠጣነው። ወደ ግድግዳው ልመለስ።

መጀመሪያ የገዛሁት ባለ 10 ሚሊ የብረት አንከር ቦልት ነው። ሻጩ «ይሄ ሰው ይሸከማል» አለኝ። አልዋሸም፣ ኮለን (ድፍኑ የኮንክሪት ምሰሶ) ላይ ቢሆን። ዳዶውን ስታጠብቁት ጫፉ ላይ ያለው ሾጣጣ ብረት ወደ ውስጥ እየተሳበ ቀለበቱን ይከፍተዋል፣ ቀለበቱ ደግሞ የቀዳዳውን ዙሪያ ጨምቆ ይይዛል። ድፍን ኮንክሪት ይህን ጭመቃ ይችለዋል። የኔ ግድግዳ ግን ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው፤ ፊቱ ሁለት ሦስት ሳንቲም ቢወፍር ነው። ገና ዳዶውን ሳጠብቅ ቋ አለና ቡጢ የሚያክል ቁራጭ ከነልስኑ እግሬ ስር ወደቀ። ቲቪው ካርቶን ውስጥ ስለነበር ተመስገን ነው። ለብሎኬት ዜሮ፣ ለኮለንና ለቢም አስር ከአስር።

ሁለተኛው ፕላስቲኩ ነው፣ ሁላችንም ፊሸር የምንለው። ፊሸር የሰው ስም መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? አርተር ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ ነው በ1958 በናይለን የሠራው። ሰውዬው ከ1,100 በላይ ፈጠራዎች ያስመዘገበ ጉድ ነው፤ የካሜራ ፍላሽ ከካሜራው ጋር እኩል እንዲበራ ያደረገ መሣሪያም ሠርቷል። ከሱ በፊት እንግሊዞች ከቃጫ ተሠርቶ በእንስሳት ደም የተጣበቀ መወተፊያ ይጠቀሙ ነበር። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት ስም የሌለው ርካሽ ነው፤ ብሎኑን በካቻቢቴ ሳዞር ፊሸሩም አብሮኝ ይዞራል፣ እኔም ግማሽ ሰዓት እንደ ሞኝ ሳዞር ቆየሁ። አሁን ከመግዛቴ በፊት በጣቴ አጥፌ አየዋለሁ። ነጭ ሆኖ ከተሰነጠቀ አልገዛም፣ ከታጠፈና ከተመለሰ እሱ ነው። ፑንታውም (የድሪሉ መብሻ ብረት) ከፊሸሩ እኩል ይሁን፣ ለባለ 8 ፊሸር ባለ 8 ፑንታ፤ «ትንሽ ሰፋ ይበል» የሚል ባለሙያ ከመጣባችሁ ድሪሉን ቀሙት። አቧራውንም ንፉት። ልስኑን ደግሞ እንደ ግድግዳ አትቁጠሩት፣ ምንም አይዝም። ጥሩ ናይለን ከሆነ ለፎቶ፣ ለመስታወት፣ ለመጋረጃ ብረት በቂ ነው። ለ50 ኢንች ቲቪ ግን ብሎኬት ላይ ልቤ አላመነውም።

ሦስተኛው ክንፋሙ ነው፣ እኔ የወደድኩት እሱን ነው። ብሎኑ ጫፍ ላይ በስፕሪንግ የሚዘረጉ ሁለት ክንፎች አሉት። አጥፋችሁ በቀዳዳው ትከቱታላችሁ፣ ባዶው ቦታ ሲደርስ ጠቅ ብሎ ይከፈታል፣ ከዚያ ብሎኑን ሳብ አድርጋችሁ ታጠብቃላችሁ። ቀዳዳውን አይጨምቅም፣ ከጀርባ ነው የሚይዘው፤ ለብሎኬት የተፈጠረ ነው። መጥፎ ጎኑ ቀዳዳው ከብሎኑ በጣም መስፋት አለበት፣ ስለዚህ ሰፋ ያለ ሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ስር የሚገባ ክብ ብረት) ያስፈልጋል። ፑንታው ደግሞ የብሎኬቱ መሐል ግድግዳ ላይ ካረፈ ክንፉ የሚከፈትበት ቦታ አያገኝም፣ ትንሽ ወደ ጎን ሄዶ እንደገና መብሳት ነው። ብሎኑን እስከ መጨረሻ ከፈታችሁት ክንፉ ግድግዳው ውስጥ ወድቆ ይቀራል። እኔ አንድ ቀብሬያለሁ።

ቲቪው ከተሰቀለ አራት ወር ሆነው፣ ንቅንቅ አላለም። አብዛኛው ሱቅ ክንፋሙን በነጠላም ይሸጣል፣ ስለዚህ ፓኬት ግዙ ሲሏችሁ እሺ አትበሉ፤ አራት ለቲቪው፣ አንድ ደግሞ ለሚቀበረው ይበቃችኋል።