ሲ ሞልቶ ዲ ባዶ ሲሆን፦ ፓርቲሽን ለማዋሃድ የቱ ይሻላል?

የሲ ድራይቭ መስመር ቀይ ሆኗል። አጠገቡ ያለው ዲ ግን ግማሹም አልተነካም። ሁለቱን ፓርቲሽኖች (አንድ ዲስክ የተከፈለባቸውን ክፍሎች) አንድ ለማድረግ ሦስት አማራጭ አለ፦ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲስክ ማኔጅመንት፣ ነፃው ጂፓርትድ፣ እና እንደ ሚኒቱል ፓርቲሽን ዊዛርድ ያሉ የሚሸጡ ሶፍትዌሮች።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ብር ማውጣታችሁ ካልቀረ ለሶፍትዌር ሳይሆን ለኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አውጡት። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ባክአፕ (ሌላ ቦታ የተቀመጠ የፋይሎቻችሁ ቅጂ) ያስፈልጋችኋል። ባክአፕ ካለ ደግሞ ነፃው ዲስክ ማኔጅመንት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ዲስክ ማኔጅመንት ፓርቲሽን ማዋሃድ አይችልም። የሚችለው ዲን አጥፍቶ ቦታውን ለሲ መስጠት ነው። ስለዚህ የዲን ፋይሎች መጀመሪያ ወደ ኤክስተርናሉ ገልብጡ። የተገለበጡትን ከፈት ከፈት አድርጋችሁ እዩ፤ ሳታዩ ዲን እንዳትነኩ። ከዚያ ዲ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ዲሊት ቮሊዩም»። ሲ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ኤክስቴንድ ቮሊዩም»። አለቀ።

አንዳንዴ ግን «ኤክስቴንድ ቮሊዩም» ደብዝዞ አልጫን ይላል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሶፍትዌር ፍለጋ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ በስተቀኝ ካልሆነ ዲስክ ማኔጅመንት አይቀበለውም፤ መሃል ላይ ደግሞ የዊንዶውስ ሪከቨሪ ፓርቲሽን (ዊንዶውስ ሲበላሽ ለመጠገን የሚያገለግል ትንሽ ክፍል) ይቀመጥና መንገድ ይዘጋል። ኤምቢአር በሚባለው የቆየ አከፋፈል በተከፋፈሉ ዲስኮች ላይ ሌላም ነገር አለ። ዲን አጥፍታችሁ ቦታው በጥቁር ሳይሆን በአረንጓዴ ከታየ፣ ገና ኤክስቴንድድ ፓርቲሽን (ሌሎች ፓርቲሽኖችን በውስጡ የሚይዝ ክፍል) ውስጥ ነው። እሱንም አንዴ ዲሊት ስታደርጉት ይለቀቃል።

መሃል የገባውን ሪከቨሪ ፓርቲሽን ገፋ ለማድረግ ጂፓርትድ ጎበዝ ነው። ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴል እና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ተጭናችሁ ከፍላሹ ታስነሳላችሁ። ከዚያ በፊት የዊንዶውስን ፋስት ስታርታፕ (ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን ቅንብር) አጥፉ፤ አለበለዚያ ፓርቲሽኑን አልነካም ይላል። በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ድራይቭንም ማስፋት አይችልም።

ዲን ሳታጠፉ ከፊቱ ቆርሶ ለሲ መስጠትም ይችላል። ይህ ግን የዲን ዳታ በሙሉ ከቦታው ማንሳት ስለሆነ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ፓርቲሽኑ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ጀምሩ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ግን እኔ አልሞክረውም።

የሚሸጡት «መርጅ» የሚል በተን አላቸው፤ ብልጫቸውም እሱ ነው። ሥራው ግን ተአምር አይደለም። የዲን ፋይሎች ሲ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ ይከቷቸዋል፣ ዲን ያጠፋሉ፣ ሲን ያሰፋሉ። ዲ ላይ የተጫነ ጌም ወይም ፕሮግራም ካለ አድራሻው ስለሚቀየር አልከፈት ሊል ይችላል። መብራት ቢሄድ ደግሞ ከጂፓርትድ ያነሰ አደጋ የለውም። አንዳንዶቹ በነፃ ታወርዷቸውና ሁሉን አስመርጠው «አፕላይ» ስትሉ ክፈሉ ይላሉ። በዶላር የሚከፍል ካርድ ከሌላችሁ እዚያው ቆማችሁ ቀራችሁ። ክራክ የተደረገውን ደግሞ በጭራሽ! ማን እንደነካካው ለማይታወቅ ፕሮግራም ሙሉ ዲስካችሁን ማስረከብ ነው።

ታዲያ ለማን ምን? ኤክስተርናል ያለው ወይም መዋስ የሚችል፣ ዲስክ ማኔጅመንት። ሪከቨሪ ፓርቲሽን መሃል የገባበት፣ ባክአፕ ይዞ ጂፓርትድ። በኩባንያ ስም የብዙ ሰው ኮምፒውተር የሚያስተካክል ባለሙያ ፈቃዱን ቢገዛ አልፈርድበትም።

ከሁሉም በፊት ዲስክ ማኔጅመንትን ከፍታችሁ ከታች ያለውን ሥዕል እዩ። ሲ «ዲስክ 0»፣ ዲ ደግሞ «ዲስክ 1» ላይ ከሆኑ፣ ለምሳሌ አንዱ ኤስኤስዲ ሌላው ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ከላይ ካልናቸው አንዱም አይሠራላችሁም። ያኔ «ዳውንሎድስ» እና «ቪዲዮስ» ፎልደሮች ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሎኬሽን» ብላችሁ ወደ ዲ አዛውሯቸው። ሲ ያለ ምንም ሶፍትዌር ይተነፍሳል።