ለግእዝ ፊደል የሚበጅ የፎንት ማደራጃ፦ ኔክሰስፎንት በደብረ ብርሃን የጽሕፈት ሱቅ

በደብረ ብርሃን ጽሕፈት፣ ኮፒና የጥሪ ካርድ የምሠራባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የሱቋ ኮምፒውተር ባለፉት ዓመታት የተሸከማቸው ፎንቶች ሲቆጠሩ ከ800 በላይ ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹን መርጬ ያመጣኋቸው አይደሉም፤ ደንበኛ በፍላሽ ይዞት የመጣውን ሰነድ ለመክፈት ሲባል የተጫኑ፣ ከጓደኛ የተቀዱ፣ አንዳንዶቹም ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ናቸው። ጥር ገብቶ የሠርግ ካርድ የሚያሠራ ቤተሰብ ከጎኔ ተቀምጦ «እስቲ ሌላ ፊደል አሳዪን» ሲል፣ የወርድን የፎንት ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እያየሁ አንዱን ከሌላው ለመለየት የማጠፋው ጊዜ ካርዱን ለመሥራት ከሚያስፈልገው ይበልጥ ነበር። ይህ ግምገማ ያንን ድካም ለማቃለል አንድ ዓመት ገደማ ስለተጠቀምኩበት፣ ኔክሰስፎንት ስለተባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው።

አስቀድሞ ግን ተጨማሪ ሶፍትዌር የማያስፈልገው ሰው እንዳለ መናገር ይገባል። በዊንዶውስ የፎንት ፋይል ሁለት ጊዜ ሲነካ የሚከፈተው መመልከቻ የራሱን ናሙና ብቻ ያሳያል፤ የራስን ጽሑፍ አይቀበልም። በዊንዶውስ 10 እና 11 የማስተካከያ ገጽ ላይ የራስን ዐረፍተ ነገር ጽፎ ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን አንዱን ፎንት ከፍቶ፣ አይቶ፣ ወጥቶ ወደ ሌላው መሄድ ግድ ነው። አሥርና አሥራ አምስት ፎንት ብቻ ለሚጠቀም ሰው ይህ በቂ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የምታሳስት አንዲት ነገር አለች፦ በአዲሶቹ የዊንዶውስ እትሞች ፎንት በተለመደው መንገድ ሲጫን የሚቀመጠው በወቅቱ ኮምፒውተሩን ለከፈተው ተጠቃሚ ብቻ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ እኔና ረዳቴ በየራሳችን መግቢያ ስለምንሠራ፣ እኔ የጫንኩትን ፎንት እርሷ ሳታገኘው ስትፈልግ ውላ ታውቃለች። በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ለሁሉም ተጠቃሚዎች» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ይህም የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል።

ወደ ኔክሰስፎንት ስንመለስ፣ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ደካማ ኮምፒውተርን አያስጨንቅም፤ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚሠራ ዓይነትም አለው። በግራ በኩል ፎንቶቹ ያሉባቸው አቃፊዎችና ራሴ የምሰይማቸው ስብስቦች ይታያሉ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ እኔ የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር በእያንዳንዱ ፎንት ተጽፎ ከላይ ወደ ታች ይደረደራል። የሙሽሮቹን ስም አንዴ ከጻፍኩ በኋላ ስክሪኑን ወደ ደንበኞቹ አዞራለሁ፤ እነርሱ ይመርጣሉ፣ እኔ ቡናዬን እጠጣለሁ። ገጽታው አሮጌ ነው፤ ወጣት ባለሙያ ሲያየው ፊቱን ሊያጨፈግግ ይችላል። በአማርኛም አልተዘጋጀም። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ከማስመረጥም በላይ የተዘበራረቁትን ፎንቶች በዓይነታቸው ለመለየት ማገልገሉ ነው።

ለምን መለየት እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳልኝ ባለፈው ዓመት ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ጉዳይ ነው። የዕድራቸውን መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይዘው መጥተው ሰነዱን ስከፍተው፣ ከላይ እስከ ታች ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ታየ። «ልጄ፣ ይሄ የኛ ደንብ አይደለም፤ ሌላ ሰው ጽፎበታል» አሉኝ። «ጋሼ፣ የራስዎ ነው፤ ፊደሉ ጠፍቶበት ነው፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ብዬ ፍለጋ ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ፎንት የሚሠራው ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቦታ ላይ የግእዙን ቅርጽ በመሳል ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል መጻፉን ነው፤ «ለ» ሆኖ የሚታየን ፎንቱ ስላለ ብቻ ነው። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ መጋረጃው ይገለጥና የላቲኑ ፊደል ብቅ ይላል። በዚያ አሠራር በአንድ ፎንት ውስጥ የሚገኘው ቦታ ከ256 ስለማይበልጥ፣ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ከሰባት ሰባት ቅርጻቸው፣ ከዲቃሎቹ፣ ከቁጥሮቹና ከሥርዓተ ነጥቦቹ ጋር አልበቃ ሲሉ፣ አንዱን የፊደል ገበታ በሁለትና በሦስት ፋይል የከፋፈሉም ነበሩ። ከፋይሎቹ አንዱ ሲጎድል ከቃል መካከል አንዳንድ ፊደል ብቻ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

በኔክሰስፎንት እነዚህን ለመለየት ያገኘሁት ዘዴ ቀላል ነው። በናሙናው ቦታ ላይ መጀመሪያ በዩኒኮድ አማርኛ እጽፋለሁ፤ በትክክል የወጡት ለብቻ ይያዛሉ። ቀጥሎ ናሙናውን በላቲን ፊደላት እቀይራለሁ፤ የላቲኑ ናሙና የግእዝ ፊደል ሆኖ ብቅ ያለባቸው ፎንቶች ከዩኒኮድ በፊት በነበረው አሠራር የተሠሩ ናቸው። የቀሩት የላቲን ብቻ ናቸው። የእነዚያን አባት ደንብ የጻፈው ፎንት የተገኘው በሁለተኛው ክምር ውስጥ ነበር። ሦስቱን ክምር መለየት አንድ ከሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ቀን ተርፎልኛል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ አሮጌው ፎንት ተገኝቶ ሰነዱ ቢነበብም፣ ጽሑፉን መርጦ ፎንቱን ወደ ዩኒኮድ ፎንት መቀየር ጽሑፉን አይለውጠውም። ለዚያ መለወጫ ሶፍትዌር ወይም እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል፤ የፎንት ማደራጃ ይህን አይሠራም፣ እሠራለሁም አይልም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ዊንዶውስ የጎደለውን ፊደል ከሌላ ፎንት ተበድሮ የሚያሳይ መሆኑ ነው። በወርድ የላቲን ፎንት መርጠን አማርኛ ስንጽፍ ጽሑፉ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ የሚታየው ፊደል ግን የመረጥነው ፎንት አይደለም። አምስት ስድስት ፎንቶች አማርኛውን አንድ ዓይነት አድርገው ካሳዩ መጠርጠር ይገባል። ያኔ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን የፊደል ካርታ (Character Map) እከፍታለሁ፤ እርሱ በፎንቱ ውስጥ በእርግጥ ያሉትን ፊደላት ብቻ ስለሚዘረዝር አይዋሽም። የዩኒኮድ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ 1200 ሲባል በቀጥታ «ሀ» ላይ ያደርሳል፤ «ሀ» ከሌለች ፎንቱ አማርኛ አያውቅም ማለት ነው።

የናሙናውም ጽሑፍ በዘፈቀደ መመረጥ የለበትም። እኔ ከስም ጎን «ኈ ቈ ኰ ጐ» እና «፩ ፪ ፲ ፼» እንዲሁም «፡ ። ፤ ፥» እጨምራለሁ። ለጌጥ ከተሠሩት ፎንቶች መካከል የተለመዱትን ፊደላት ብቻ ይዘው የግእዝ ቁጥርን የዘነጉ አሉ። በካርዱ ላይ «ጥር ፲፰ ቀን» ሲጻፍ ቁጥሩ ብቻ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ቀጭን ሆኖ ይወጣል፤ የሙሽራዋ እናት ደግሞ ያንን ከሁሉ ቀድመው ያዩታል።

ኔክሰስፎንት ፎንቶችን ሳይጭኑ ለጊዜው እንዲሠሩ የማድረግ ችሎታም አለው፦ ሶፍትዌሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ በግራ በኩል ባስገባናቸው አቃፊዎች ውስጥ የሚገኙት ፎንቶች በሌሎች ፕሮግራሞችም ይገኛሉ፤ ሲዘጋ አብረው ይሄዳሉ። ዊንዶውስን በመቶዎች በሚቆጠሩ ፎንቶች ላለማጨናነቅ ይህ ግሩም ነገር ነው፤ መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ሱቅ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማደራጃውን ሳልከፍት በቀጥታ ወርድን ከፍቼ፣ ርእሶቹ ሁሉ ሌላ መልክ ይዘው የገጹ ቁጥር ተዛብቶ አገኘሁት፤ ሳላስተውል አትሜውም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ ዘወትር የምሠራባቸውን በቋሚነት ጭኜ፣ ለጊዜው የሚጠሩትን ለካርድና ለባነር ብቻ አድርጌአቸዋለሁ። አዲስ አበባ ወደሚገኝ ማተሚያ ቤት የሚላክ ሥራ ከሆነ ደግሞ ፎንቱን በሰነዱ ውስጥ አካትቼ፣ ወይም በፒዲኤፍ አድርጌ እልካለሁ።

ፎንት ፍለጋን በተመለከተ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መቅዳትን ትቻለሁ። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በክፍት የፎንት ፈቃድ የሚሰጡ ስለሆኑ፣ ለንግድ ሥራ መጠቀምም ሆነ ለደንበኛ ማካፈል ያለ ክፍያ ይፈቀዳል። አቢሲኒካ የብራና ጽሑፍን ውበት ስለያዘ ለጸሎት መጽሐፍና ለማኅበር ደብዳቤ እመርጠዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ወርድ በግድ ሲያደምቀው መስመሩን በማወፈር ስለሚያስመስል፣ በትንሽ መጠን የ«ሠ» እና የ«ፀ» ውስጥ ይደፈናል። ኖቶ ሳንስ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ዘጠኝ ውፍረት ስላለው ርእስና ዝርዝር ለሚበዛበት ሥራ ይሻላል። በዊንዶውስ ቪስታ ከኮምፒውተሩ ጋር መምጣት የጀመረው ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ተጨማሪ ሆኖ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው፤ የቆየ ሰነድ መልኩን ቀይሮ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠረጠረው የእርሱ አለመኖር ነው።

ፎንትቤዝን የመሰለ አዲስ ማደራጃም ሞክሬአለሁ። መልኩ ያማረ ነው፤ በማክና በሊነክስም ይሠራል፤ የጉግልን ፎንቶች ከውስጡ ያቀርባል፤ መሠረታዊው ክፍልም ነጻ ነው። ጥሩ ኮምፒውተርና ያልተቆራረጠ ኢንተርኔት ያለው ሰው እርሱን ቢመርጥ አልከራከረውም። የእኔ ኮምፒውተር ግን ዕድሜው የገፋ፣ ዳታዬም የሚቆጠር ነው።

ዛሬ በኮምፒውተሬ ላይ በቋሚነት የተጫኑት አርባ ያህል ናቸው። የላቲኖቹን አብዛኞቹን ሰረዝኩ። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩትን ግን «አሮጌ ፊደል» ብዬ በሰየምኩት አቃፊ ውስጥ በውጭ ዲስክ ላይ አስቀምጫለሁ፤ እነዚያ አባት የደንቡን ሁለተኛ ክፍል ይዘው ከፋሲካ በኋላ እንደሚመለሱ ነግረውኛል።