የታካሚዎቻችን ካርድ የት ነው ያለው? የአገር ውስጥ ክላውድ ከ14 ወር በኋላ

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አጠገብ በነበረው ክሊኒካችን ውስጥ ከሁሉም የሚሰፋው ካርድ ክፍሉ ነበር። እህቴ የጥርስ ሐኪም ናት። እኔ ሒሳቡንና አስተዳደሩን እይዛለሁ። ካርድ ክፍሉን ለ19 ዓመት የያዙት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ታካሚ ገና በር ላይ ሲታይ፣ ስሙን ሳይናገር ካርዱን ያወጡለታል።

በመጋቢት 2016 አካባቢው ለልማት ሲነሣ ካርዶቹን በማዳበሪያ አድርገን በሁለት ፒክአፕ ጫንናቸው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደ። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ካርድ ራሰ። ጋሼ አዲሱ ቤት ወለል ላይ ዘርግተው ሦስት ቀን አደረቁ። ቀለሙ የፈሰሰውን ግን ማንም ሊያነበው አልቻለም። የአንዲት እናት የ11 ዓመት የሕክምና ታሪክ፣ የትኛው ማደንዘዣ እንደማይስማማቸው ጭምር፣ እዚያው ጠፋ። እህቴ ያን ካርድ ይዛ ስታለቅስ አይቻለሁ። ወረቀቱን ለመተው የወሰንነው ያን ሳምንት ነው።

አሁን ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ሜክሲኮ ሲሄዱ አንድ ፎቅ ላይ ነን። ይህን የምጽፈው የታካሚ፣ የተማሪ ወይም የደንበኛ መረጃ ለሚይዙ ትንንሽ ቤቶች ነው። አንድ ክሊኒክ፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት፣ አንድ የሒሳብ ቢሮ ክላውድ (መረጃን በኢንተርኔት በኩል የሚያስቀምጡበት የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር) ሲከራይ ምን እንደሚገጥመው የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነበር።

መጀመሪያ የተከራየነው የውጭ ክላውድ ነው። ሰርቨሩ፣ ማለትም መረጃው ያለበት ኮምፒውተር፣ ፍራንክፈርት ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አገልግሎት ነው። በራሱ ባክአፕ ያደርጋል፤ ኮፒውን ሌላ ከተማ ያስቀምጣል፤ በነበርንባቸው ወራት አንድም ቀን ተበላሽቶ አላየሁም። ችግሩ ክፍያው ነበር። በዶላር ካርድ ነው የሚከፈለው። እኛ ዘንድ ዶላር ካርድ የለም። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያለች የአጎቴ ልጅ በራሷ ካርድ ትከፍልልን ጀመር። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው። እኔ ደግሞ ወጪውን በክሊኒኩ መዝገብ ላይ በምን ደረሰኝ እንደማስገባው ግራ ገባኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጡ መጣ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ሒሳቡ ፍራንክፈርት ላይ ሳይጨምር እኛ ላይ እጥፍ ሆነ። በጥቅምት 2017 ደግሞ የአጎቴ ልጅ ባንኳ ካርዷን ቀየረላት። እሷ ረሳችው፤ እኔም አላወቅሁም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስንከፍት ገጹ ተዘግቷል። አራት ቀን ያለ ካርድ ሠራን። መንጋጋው ያበጠ ታካሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እህቴ የቀድሞ ራጁን ማየት አልቻለችም። እንደገና አነሣነው። ያንን ታካሚ ድጋሚ ማስከፈል አልሆነልኝም።

ሕጉን ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ነው፤ እኛ ማዳበሪያ ስንሸከም በነበረበት ወር። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለእኛ የሚመለከተውን በአጭሩ ልንገራችሁ። እዚህ የተሰበሰበ የግል ዳታ እዚሁ አገር ባለ ሰርቨር ወይም ዳታ ሴንተር (ብዙ ሰርቨሮች የሚቀመጡበት ሕንፃ) እንዲቀመጥ ያዛል። የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው። መረጃ ከተሰረቀ ወይም ካፈተለከ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለ። ወደ ውጭ ማስተላለፍ ጨርሶ አልተከለከለም፤ ግን መስፈርት አለው። ጥርስ የሚነቅል ክሊኒክ ይህን መስፈርት ለማሟላት ጠበቃ ይቀጥር ይሆን? እኛ አልቻልንም።

አማራጭ አለ ወይ ለምትሉ፣ አለ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የሚባል አገልግሎት አለው። አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ዊንጉና ራክሲዮ የሚባሉ ድርጅቶች ዳታ ሴንተር ሠርተዋል። እኛ የገባነው ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር አይደለም። ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ያለው አነስተኛ ድርጅት ጋ ነው። በእግር ስለምደርስበት መረጥኩት። ስሙን አልጠራም። ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ሌላውም አነስተኛ ድርጅት ጋ የሚገጥማችሁ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ደስ ያለኝ ፍጥነቱ ነው። ሙሉ መንጋጋ የሚያሳየው ራጅ፣ ኦፒጂ የምንለው፣ ከፍራንክፈርት ሲመጣ ግማሽ ደቂቃ ያስጠብቅ ነበር። ኔትወርክ ሲደክም ከዚያም በላይ። አሁን አምስት ሰከንድ አይሞላም። ምክንያቱን ቴክኒሻኑ ሲያስረዳኝ ገባኝ። የእኛ አገር ባሕር ስለሌላት ወደ ውጭ የሚሄድ ኢንተርኔት በጎረቤት አገር አልፎ ነው የባሕር ገመድ የሚያገኘው። ትልልቆቹ ክላውዶች አፍሪካ ሲገቡም የመረጡት ደቡብ አፍሪካን ነው። ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል በ2024 እ.ኤ.አ.። ከእኛ እስከ ኬፕታውን ያለውን ርቀት አስቡት። የአሁኑ ሰርቨራችን ያለው እዚሁ ከተማ ነው።

ክፍያው በወር 4,600 ብር ነው። በቴሌብር እከፍላለሁ፤ ደረሰኝ እቀበላለሁ። ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስደውል በአማርኛ የሚመልስ ሰው አለ። ሁለት ልጆች ክሊኒኩ ድረስ መጥተው ሙሉ ቀን ከጋሼ ጋር ተቀምጠው አሠለጠኗቸው። ጋሼ 61 ዓመታቸው ነው። አሁን ካርድ የሚያወጡት በኪቦርድ ነው፤ ስም ግን ዛሬም አይጠይቁም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በነሐሴ 2017 አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አገልግሎቱ ቆመ። ስልክ የሚያነሣ ጠፋ። እስከ ማታ አልተመለሰም። ቅዳሜ ለእኛ ዋናው የሥራ ቀን ነው፤ ሠራተኛ ጥርሱን የሚታከመው ያን ቀን ነው። ሰኞ ቢሯቸው ሄጄ ውሉን አብረን አነበብን። ውሉ ውስጥ አገልግሎት ሲቆም በስንት ሰዓት እንደሚመልሱ አንድ ቃል የለም። ስፈርም አላየሁትም ነበር። እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት ይህችን መስመር ፈልጉ።

ከዚህ የሚብሰውን ያወቅሁት ግን መስከረም ላይ ነው። የደመራ ዕለት፣ መስከረም 16 ቀን 2018፣ ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ ውስጥ የመንግሥት ዳታ ሴንተር ተቃጠለ። ባትሪ ሲያዛውሩ ነው እሳቱ የተነሣው። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጂ ድራይቭ የሚባለው ሲስተም ከነ858 ቴራባይት ዳታው ጠፋ። ሌላ ቦታ ባክአፕ አልነበረውም። ዳታው አገሩ ውስጥ ነበር፤ በአገሩ ሕግ ሥር፣ በመንግሥቱ እጅ። በቴክኖሎጂ ከኮሪያ የሚበልጥ ስንት አገር አለ? ዜናውን ሳነብ እነዚያ በዝናብ የራሱ ማዳበሪያዎች ዓይኔ ላይ መጡ።

በነጋታው መስቀል ነው። በዓሉ ሲያልፍ ቀጥታ ስታዲየም ወዳለው የድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። «የኛ ሁለተኛ ኮፒ የት ነው ያለው?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ አልዋሸኝም። «እትዬ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ሌላ ሰርቨር ላይ» አለኝ። አንድ ክፍል፣ አንድ ጣሪያ፣ አንድ የመብራት መስመር። እውነቱን ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ። ባይነግረኝ ዛሬም ተማምኜ እተኛ ነበር።

ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ ሁለተኛው ኮፒ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ባለ ዳታ ሴንተር እንዲቀመጥ ተስማማን። በወር 1,200 ብር ጨመርን። ኮፒው ከክሊኒኩ ከመውጣቱ በፊት ይቆለፋል። የመክፈቻው ፓስወርድ በሁለት የታሸገ ፖስታ ውስጥ ነው፤ አንዱ ክሊኒኩ ካዝና፣ አንዱ እኔ ቤት። ድርጅቱ ኮፒውን ይይዛል፤ ማንበብ ግን አይችልም።

ይህ መቆለፍ የሚሉት ነገር ከሰርቨሩ አገር እኩል የሚያስፈልግ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ክላውድ አክት የሚባል ሕግ አለ። የአሜሪካ ድርጅት በእጁ ያለውን ዳታ በሕግ አግባብ ሲጠየቅ፣ ሰርቨሩ የትም አገር ቢሆን እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ስለዚህ «ዳታችሁ እዚሁ ነው» ሲሏችሁ የድርጅቱ ባለቤት ማን እንደሆነና ቁልፉ በማን እጅ እንዳለም ጠይቁ። እዚህ ከተማ ውስጥም ቢሆን የታካሚዬን ካርድ አንድ ቴክኒሻን ቁጭ ብሎ እንዲያነብ አልፈልግም። ጥርስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካርዱ ላይ እርግዝና አለ፤ የሚወስዱት መድኃኒት አለ፤ ለማንም ያልነገሩት ሕመም አለ። እህቴን አምነው ነው የነገሯት።

በጥቅምት ሙከራ አደረግን። እሑድ ቀን ዋናውን ሰርቨር እንደጠፋ ቆጥረን ሁሉንም ከሁለተኛው ኮፒ መለስነው። ሦስት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀ። ጋሼ እያንዳንዱን ዓመት እየከፈቱ አዩ። ከ2014 ራጆች ውስጥ 26ቱ አልከፈት አሉ። ጥፋቱ መጀመሪያ ሲጫኑ የተፈጠረ ነበር። ኦሪጅናሎቹ ራጅ ማሽኑ ላይ ስለነበሩ ተካናቸው። ያን እሑድ ባንሞክር ኖሮ ይህን የምናውቀው እሳት ወይም ሌባ ከመጣ በኋላ ነበር።

የውጭውን ክላውድ ጨርሼ አልተውኩም። የክሊኒኩ ድረ ገጽና የዕቃ ግዥ ዝርዝሩ አሁንም እዚያ ናቸው። እዚያ የሰው ስም የለም። ሒሳቡ ትንሽ ስለሆነ የአጎቴ ልጅ በዓመት አንዴ ትከፍላለች።

አንድ የምመኘው ነገር አለ። ኢስቶኒያ በ2017 እ.ኤ.አ. ከሉክሰምበርግ ጋር ተስማምታ የመንግሥቷን ዋና ዋና መዝገቦች ኮፒ እዚያ አስቀምጣለች። ቦታው እንደ ኤምባሲ የማይደፈር ነው፤ የዳታ ኤምባሲ ይሉታል። ዳታው ውጭ ሆኖም በኢስቶኒያ ሥልጣን ሥር ነው። እኛም ቁልፉ እጃችን ላይ የሆነ ሦስተኛ ኮፒ ከአገር ውጭ ማስቀመጥ ብንችል ደስ ይለኛል። አዋጁ ዋናው እዚህ ይሁን ማለቱን እደግፋለሁ። የእናቶቻችን ካርድ ከየት ወዴት እንደሚሄድ አገራችን ልታውቅ ይገባል። ለትንንሽ ቤቶች ግን ፈቃድ የሚጠየቅበት አጭር ፎርም፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ ቢኖር ብዙ ሰው ሕጉን በደስታ ያከብራል።

ይህን ድርጅት ለሌላ ክሊኒክ እመክራለሁ ወይ? አዎ፣ ግን ሁለተኛው ኮፒ ሌላ ሕንፃ ላይ መሆኑ ውሉ ውስጥ ከተጻፈ ብቻ። ፍጥነቱና የልጆቹ ትሕትና ጥሩ ነው። የቅዳሜና የእሑድ ስልካቸው አሁንም ደካማ ነው። ባለፈው ሳምንት ውሉን ለአንድ ዓመት አድሰናል። አገልግሎት ሲቆም በአራት ሰዓት ውስጥ እንደሚመልሱ፣ ካልመለሱ የቀኑን ክፍያ እንደሚቀንሱ አስጽፌያለሁ። ቀጣዩ ሙከራ ሚያዝያ ላይ ነው። ጋሼ ከአሁኑ ቀኑን ካላንደራቸው ላይ በቀይ አክብበውታል።