ኤምጄኤምኤል፦ ከኅትመት ወደ ኢሜይል ለሚሻገር ዲዛይነር

የኅትመት ዲዛይነር የኢሜይል ሥራ ሲመጣበት ብዙውን ጊዜ ፍላየሩን ኢንዲዛይን ላይ ይጨርስና በጄፔግ አውጥቶ ይለጥፈዋል። ተቀባዩ ጋ ምስል በራሱ እንዳይከፈት ከተደረገ የሚታየው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። ቢከፈትም ስልክ ላይ ምስሉ ሲጠብ በ9 ነጥብ የተጻፈው አድራሻ አይነበብም። ይህን ልማድ ለማስጣል ኤምጄኤምኤል የተባለው የኢሜይል ገጽ መሥሪያ የኮድ ቋንቋ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ጥሩ የሚያደርገውም የሚከለክለው ነገር ነው።

የኢሜይል መላኪያ አገልግሎት የሚሰጠው ሜይልጄት የሠራው፣ ነፃና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ መሣሪያ ነው። አጭር ኮድ ትጽፋላችሁ፣ እሱ ወደ ረጅም የኤችቲኤምኤል ሠንጠረዥ ይለውጠዋል። ሠንጠረዥ የሆነበት ምክንያት አለው፦ ከአውትሉክ 2007 ወዲህ የነበረው የዊንዶውስ አውትሉክ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) ኢሜይልን የሚያሳየው የጽሑፍ ማዘጋጃው ዎርድ በሚጠቀምበት ሞተር ስለሆነ ዘመናዊ የድረ ገጽ አቀማመጥ አይገባውም። አዲሱ አውትሉክ ይህን ትቶታል፤ አሮጌው ግን በየቢሮው አለ።

በእጃችሁ የሚኖረው ሴክሽን (አግድም ክፍል)፣ በውስጡ ኮለም (ዓምድ)፣ በኮለሙ ውስጥ ደግሞ ጽሑፍ፣ ምስልና በተን (የሚጫኑት ቁልፍ) ነው። ጽሑፍን ኮለም ሳታበጁ በቀጥታ ሴክሽን ውስጥ ብታስገቡ ስሕተቱን ከነመስመር ቁጥሩ ይነግራችኋል። ነገርን ገጹ ላይ በፈለጉት ቦታ ማስቀመጥ፣ ምስልን ከሁለት ሴክሽን ላይ ማሳለፍ፣ የጽሑፍ መስመርን አዙሮ ሰያፍ ማድረግ የለም። የገጹ ስፋት ካልቀየራችሁት 600 ፒክስል ነው። ጥራት እንዳይጎድል ሙሉ ስፋት የሚይዘውን ምስል በ1200 ፒክስል አውጥታችሁ በ600 አሳዩት፤ 300 ዲፒአይ የሚለው ቁጥር እዚህ ምንም አይሠራም።

ከ480 ፒክስል በታች ኮለሞቹ ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፣ የግራው ቀድሞ። ስለዚህ የዕቃዎቹን ፎቶ በአንድ ሴክሽን፣ ዋጋቸውን በሌላ ሴክሽን ካስቀመጣችሁ ስልክ ላይ ፎቶዎቹ ሁሉ ካለፉ በኋላ ዋጋው ብቻውን ይመጣል። ፎቶና ዋጋን አንድ ኮለም ውስጥ አድርጉ። ጎን ለጎን መቅረት ያለባቸውን ደግሞ በ«ግሩፕ» እሰሯቸው።

አማርኛ ላይ የመሣሪያው ነባሪ ምርጫ መጥፎ ነው። ፎንቱ ኡቡንቱ፣ መጠኑ 13 ፒክስል፣ የመስመር ከፍታው 1 ነው። ኡቡንቱ ፊደላችን የለውም፤ የተቀባዩ መሣሪያ የራሱን ይተካል፦ ዊንዶውስ ኒያላ ወይም ኤብሪማ፣ አይፎን ኬፋ፣ አንድሮይድ ኖቶ። ስፋታቸው ስለሚለያይ መስመርን በእጅ መስበር ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ «አትሪቢዩትስ» (የነባሪ ምርጫዎች መቀየሪያ ክፍል) ውስጥ መጠኑን 16፣ የመስመር ከፍታውን 1.6 አድርጉት። የራስን ፎንት መጫን አፕል ሜይል ላይ ይሠራል፣ ጂሜይል ላይ አይሠራም። ርእሱ የግድ በጌጠኛ ፊደል ይሁን ከተባለ እሱን ብቻ ምስል አድርጉና «አልት» (ምስሉ ካልተከፈተ በቦታው የሚታይ ጽሑፍ) ላይ ቃሉን ጻፉ።

ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት ያለፈ ኮድ ይቆርጣል። ከግርጌ ያለው የምዝገባ መሰረዣም አብሮ ይደበቃል። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚወስድ 5,000 ፊደል 15 ኪሎባይት ገደማ ነው። ጽሑፉ ብቻውን አያሰጋም፤ የሚከብደው መሣሪያው የሚያመነጨው ሠንጠረዥ ነው። ሴክሽን ቀንሱ፣ ኮዱንም ትርፍ ክፍተቱን አስወግዳችሁ፣ አሳንሳችሁ አውጡ።

የማይፈታቸው ችግሮችም አሉ። የበተን ክብ ጠርዝ በአሮጌው አውትሉክ ማዕዘን ይሆናል። ጥቁር ሎጎ ያለ ጀርባ በፒኤንጂ ከተቀመጠ ጨለማ ገጽታ ላይ ይጠፋል፤ ቀጭን ነጭ ጠርዝ ይሳልለት። ምስል አያስቀምጥላችሁም፣ ኢሜይልም አይልክም፤ ለሁለቱም ሌላ አገልግሎት ያስፈልጋል።

የመሣሪያው ቅድመ እይታ ብሮውዘር ስለሆነ የአውትሉክን ጉድ አያሳይም። ደንበኛ የሚፈርምበት ፕሩፍ (የማጽደቂያ ናሙና) ቢያንስ ሁለት ስክሪንሾት ይኑረው፤ አንዱ ከስልክ ጂሜይል፣ አንዱ ከአሮጌው የዊንዶውስ አውትሉክ።